ሁለት ጉንጭ ውሃ

ሲስተር ጠዋት ከቤት ስትወጣ ልጇ በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ ዛሬም ሰውየው ሲደነፉ ዝም ብለሽ እንዳትመለሺ» ብላታለች። ልጅ እናቷን ታውቃለች። ሲስተር በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ስትሠራ ምላሷ የሚተሳሰረው አንድ ሰው ፊት ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ ያ ሰው ከስብሰባው ጠረጴዛ ማዶ ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል።

የማደንዘዣ ሐኪምና ፕሮፌሰር ናቸው። ነርሶቹ በሌሉበት «ነጎድጓድ» ይሏቸዋል፤ ውሃ ቀጠነ ብለው የሚቆጡ፣ ግን የማንም ሐኪም እጅ እጃቸውን የማያህል ሰው።

ጠረጴዛውን የከበቡት አሥራ ሁለት ናቸው፤ አሥራ አንዱ ሐኪምና ተመራማሪ፣ አሥራ ሁለተኛዋ እሷ። ዓመት ሙሉ ከየአገሩ የመጣ ጥናት ሲያበጥሩና ሲያንጓልሉ ከርመው አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ልጅ ማደንዘዣ ሊወስድ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ውሃ ይጠጣ ወይስ እንደ ድሮው ከዋዜማው ጀምሮ አፉ ይዘጋ? ምክረ ሐሳቡ የሚያልፈው በዘጠኝ ድምፅ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ካላለፈ አምስት ዓመት ይቆያል። ሲስተር በአምስት ዓመት ውስጥ ስንቱ ልጅ ከንፈሩ ደርቆ ቀሚሷን ይዞ እንደሚያለቅስ እያሰበች ነው የመጣችው።

ጸሐፊው የመጀመሪያውን ውጤት ግድግዳው ላይ አበራው። ስምንት።

ሲስተር ከወንበሯ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት። ዓመቱን ሙሉ በየውይይቱ ደጋፊው ከአምስትና ከስድስት ያላለፈ ነገር፣ አሁን የጎደለው አንድ ብቻ። ደስታው እግሯ ላይ ወጣ።

«ሲስተር፣ ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ» አላት አጠገቧ ያለው የስታቲስቲክስ ባለሙያ።

በደንቡ መሠረት የተቃወሙት ሰዎች ምክንያት ያለ ስም ይነበባል። ጸሐፊው ሦስቱን እየተጣደፈ አነበበ፤ አራተኛው ላይ ግን ዝግ አለ።

«ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ጠማኝ ብሎ ሲያለቅስ አሳዘነኝና ሁለት ጉንጭ ውሃ ፈቀድኩለት። ማደንዘዣው እንደያዘው አስመለሰ፤ ትውከቱ ሳንባው ገባ። ሦስት ሳምንት ከሞት ጋር ታግሎ ነው የተረፈው። ጥናታችሁን አከብራለሁ፤ እኔ ግን ዳግመኛ አልፈቅድም።»

ስም ባይኖረውም የማን እንደሆነ ሁሉም ገባው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ማንም አልፈረደባቸውም። ሲስተር ግን ልጁን አስታወሰችው። ያን ቀን ተረኛዋ እሷ ነበረች፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር ያልሞላት ነርስ። ሐኪሙ ውሃውን ፈቅደው ከወጡ በኋላ ልጁ አላባራ ቢላት አንጀቷ አልችል ብሎ አንድ ኩባያ ወተት አጠጣችው። ነገሩ ሲፈነዳ እሳቸው ፊት ቆማ መናገር አቃታት፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ሰውየው ያንን ሁሉ ዓመት ራሳቸውን ሲከሱ መኖራቸውን የሰማችው ገና አሁን ነው።

«ሁለተኛው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የሚናገር አለ?» ሲሉ ሰብሳቢዋ ጠየቁ።

የሲስተር እጅ ከሐሳቧ ቀድሞ ተነሣ።

«ፕሮፌሰር፣ ያ ልጅ ያስመለሰው የእርስዎን ውሃ አልነበረም። ወተት ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ሲስተር ነጎድጓዱን ጠበቀች፤ አልመጣም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ትውከቱን የሳብንበት መምጠጫ ላይ ነጭ ነገር አይቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አክታ ነው ብዬ አለፍኩት። ሌላው ሁሉ ላይ ማስረጃ ስጠይቅ ኖሬ ራሴ ላይ ስፈርድ አላጣራሁም።» ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሁለት መስመር ይጨመርልኝ። ወተት እንደ ምግብ ይቆጠራል፣ ውሃ አይደለም ብለህ ጻፍ። ቀጥለህ ደግሞ፣ ልጁ ምን እንደቀመሰ የሚናገርን ነርስም ሆነ ወላጅ ማንም እንዳይቆጣ ብለህ ጻፍ።»

የስታቲስቲክስ ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ለሁለተኛው መስመር ጥናት አላገኘንም።»

«ማስረጃው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች» አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ሲበራ ሲስተር ቁጥሩን በደንብ አላየችውም፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ፣ ከንፈሯ እየሳቀ፣ የባለሙያውን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ነበር። ነገ ጠዋት ወደ ክፍሏ ስትገባ ውሃ ይዛ ትገባለች።

ኮሪደር ላይ ስልኳ ጮኸ። ልጇ ናት።

«አለፈ?»

«አለፈ፣ ልጄ።»

«አንቺስ? ዝም አልሽ?»

«ኧረ ተናገርኩ» አለች ሲስተር። «ሃያ ስምንት ዓመት ዘገየሁ እንጂ።»