የአባታችን የመጨረሻ ልብስ

ልብስ ሰፊዋ፣ ሰፈሩ ሁሉ 'አባታችን' የሚላቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ማረፋቸውን የሰማችው የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ስትገጥም ነው። ጎረቤቷ ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ቆማ፣ "አባታችን አረፉ" አለችና አፏን በመዳፏ ያዘች። ሰፊዋ አላለቀሰችም። አንገቷን ደፍታ ስፌቷን ቀጠለች፤ ስትጨርስ የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጥማው አገኘችው።

ረፋዱ ላይ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነጭ ጨርቅ ታቅፈው መጡ።

"የሚቀበሩበት ነው" አሏት። "አሥራ ሰባት ዓመት ያለበስሻቸው አንቺ ነሽ፤ ልካቸውን በቃልሽ ታውቂዋለሽ።"

"እኔ የማውቀው የደህና ጊዜ ልካቸውን ነው" አለች። "ሄጄ ልለካቸው።"

የአባታችን ቤት ሁለት ጠባብ ክፍል ናት። ታላቅ እህታቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻቸውን ለካች። ያ ሳቃቸው ከእሳቸው ቀድሞ ቤት የሚገባው ግዙፍ ሰው የልጅ ልክ ሆነዋል። ያኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ትንሽ ቆይታ፣ "በሰላም ነው ያረፉት አይደል፣ እማማ?" ብላ ጠየቀች።

እህትየው የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

"ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ያልኩት። አንቺን ግን አልዋሽም። ፈርቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እጄን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ አልለቅም አለኝ። አገር ሲያጽናና የኖረ ሰው እንዲህ ሲሆን ለማን ይነገራል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።"

"ለእኔ ድሮ ነግረውኛል" አለች ሰፊዋ።

"ምኑን?"

"ባሌ የሞተ ሰሞን ነው። መጽናናት እንዲሁ በአፍ የሚመጣ ይመስል፣ የመጣው ሁሉ ጥቅስ ይደረድርልኛል። እሳቸው ግን ሱቄ መጥተው የደንበኛ ወንበር ላይ ዝም ብለው ዋሉ። በመጨረሻ፣ 'እርስዎ ሞትን አይፈሩም?' አልኳቸው። 'እንዴት አልፈራ ልጄ፣ ሰው አይደለሁም?' አሉኝ። እህል የቀመስኩት ያን ቀን ነው እማማ። ብቻዬን አለመሆኔን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።"

እህትየው ወንድማቸው ካረፉ ጀምሮ ደርቆ የነበረው ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ተባረኪ" አሉ። "እኔ እኮ ነውሩን የሸፈንኩለት መስሎኝ ነበር።"

ሰፊዋ ልብሱን እስከ ማታ ሰፍታ ጨረሰች። በማግስቱ ቀብሩ ላይ ከሩቅ የመጡ ሰባኪ፣ "አባታችን ሞትን እየሳቁ ተቀበሉት!" ሲሉ ሕዝቡ በእንባ ራሱን ነቀነቀ። እህትየው የሰፊዋን ክንድ ጨመቁ። ሰፊዋ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ "ሰባኪው ይበሉት ግድ የለም፤ እኛ አባታችንን እናውቃቸው የለ" አለች።

ሰው ሁሉ ሲበተን እህትየው ባዶው ቤት ደጃፍ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እግራቸው አልገባ አለ። ሰፊዋ ቀድማቸው ገባችና መስኮቱን ከፈተች።

"ይግቡ" አለቻቸው። "ዛሬ የትም አልሄድም።"