የማክሰኞው ጥያቄ

ሬኒታ ከአግዳሚው ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች። የባልቲሞር የቤተሰብ ችሎት ኮሪደር በወላጅ ተጨናንቋል፤ እሷ ግን በሩን ብቻ ነው የምታየው። የአራት ዓመት ልጇ ጃቫሪ ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ ባዕድ ቤት ይክረም፣ ዳኛዋ ዛሬ ይወስናሉ። የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች የወሰዱባት በብርዱ ወራት የቤቷ ማሞቂያ ተበላሽቶ ነው። ማሞቂያው ከተጠገነ ከርሟል፣ ልጁ ግን አልተመለሰም።

መንግሥት ያቆመላት ጠበቃ ወይዘሮ ኦዴሳ ከሌላ እናት ችሎት እያለከለኩ መጡ።

«ቁጭ በይ እስቲ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ።»

«ልጄን ሳላገኝ እንዴት ልቀመጥ?»

«የሕፃናት ጥበቃው ሪፖርት መጥፎ ነው፣ ልጄ። ‹ልጁ ቤት መቼ እንሄዳለን ሲላት ፊቷን ታዞራለች› ይላል።»

ሬኒታ ደሟ ፈላ። «በየማክሰኞው ሲያገናኙን እኮ ይጠይቀኛል። ‹ቤት ትሄዳለህ ብለሽ ተስፋ ከሰጠሽው መገናኘቱ ይቀራል› ያለችኝ ያችው ጥግ ቁጭ ብላ ሪፖርቱን የምትጽፈው ሠራተኛ ናት። ታዲያ ምን ልበለው?»

ወይዘሮ ኦዴሳ አጠገቧ ተቀመጡ። «ደንቡን አውቀዋለሁ» አሉ። «ምን እንደምትመልሺለት ግን ጠይቄሽ አላውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ ሰው መቼም ልጅ አሳድጎ አያውቅም።

ችሎት ሲገቡ ወይዘሮ ኦዴሳ ስለ ማሞቂያው አንድም ቃል ሳያነሱ ወደ ሠራተኛዋ ዞሩ።

«እናትየው ‹ነገ እንሄዳለን› ብትለው ምን ብለው ይጽፉ ነበር?»

«ደንብ ጥሳለች ብዬ።»

«ዝም ስትልስ?»

ሴትዮዋ ወረቀቷን አገላበጠች። «ለልጁ ስሜት ግድ የላትም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው ምን ትበለው? እርስዎ ይንገሩንና ትበለው።»

 ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሪፖርቱን ወደ ጎን አደረጉት፤ ማሞቂያውም ተጠግኗልና ልጁ ዛሬውኑ ለእናቱ ይመለስ ብለው አዘዙ።

ከሰዓት በኋላ ጃቫሪን ወደ ኮሪደሩ አመጡት። የሰው ጃኬት ለብሷል፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸዋል።

«እማ፣ ቤት መቼ ነው የምንሄደው?» አለ፣ እንደ ልማዱ። መልስ መጠበቅ ከተወ ቆይቷል።

ሬኒታ ደንቡ አሁንም ያለ መሰላት። ዓይኗ ፈቃድ ፍለጋ ወደ ወይዘሮ ኦዴሳ ሄደ።

«እኔን እኮ አይደለም የጠየቀው» አሏት።

«አሁን» አለችው ሬኒታ። ልጁ ቀና ስላላለ፣ ተንበርክካ ደግማ አለችው።