የመጥቅዕ ግዝት

በማራኪ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ የከተመው ጥላ ሶፍትዌር፣ ለክቡራን ደንበኞቹ፣ ለባለድርሻ አካላትና ለመላው የጎንደር ሕዝብ የሚከተለውን ታሪካዊ ዜና በታላቅ ደስታ ያበስራል፦ «ጾም አስታዋሽ» በተባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ «ዝጋ» የሚለው ቁልፍ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል።

ማስታወቂያውን የጻፈው ምንይችል ነው። ቁልፉንም ያዛወረው እሱ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የራሱ ሥራ አልነበረውም፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። መተግበሪያው ጾምና በዓሉን አንድም ቀን ሳይስት የሚያወጣው በ«መጥቅዕ» ነው። መጥቅዕ ክፍት ላይብረሪ ነው፤ አንዱ ጽፎ ለሌላው የተወው፣ ማንም በነጻ ወስዶ ሥራው ውስጥ የሚሰካው ዝግጁ ኮድ። ጸሐፊው ሰውአገኝ የሚባል የመካነ ብርሃን ሰው፣ የምንይችል የአገሩ ልጅ ነው፤ በአካል ያየው ግን የለም። ሌላው ፕሮግራመር በኮዱ ራስጌ ሁለት ገጽ የፈረንጅ ሕግ ሲለጥፍ፣ ሰውአገኝ በየብራናው መጨረሻ እንደሚገኘው ያለ ግዝት ጻፈ፦ «ውሰዱት፣ ቁረጡት፣ ቀጥሉት። ስሜን የፋቀ ግን ስሙ ይፋቅ።»

ሥራ አስኪያጇ ሄለን መተግበሪያውን የሠራው ሰው የክፍሉ ኃላፊ እንደሚሆንና ዓርብ በእንግዶች ፊት እንደምትሾመው ነግራዋለች። ሰኞ ጠዋት ምንይችል በግዝቱ ሳቀ፤ «ቀማሪ፦ ሰውአገኝ» ከሚለው ላይ ስሙን ፋቀና የራሱን ተካ።

ማክሰኞ መተግበሪያው ስልኩ ላይ «ቀማሪ፦» ብሎ ባዶ ሆነ። የፊደል ቅርጽ ጣጣ ነው ብሎ ቅርጹን ቀየረ። ኮዱ ውስጥ ስሙ ቁልጭ ብሎ አለ፤ ስክሪኑ ላይ የለም። አጠገቡ የምትሠራው ራሔል ልትጠራው «አንተ» ብላ ጀመረችና ቀረች። ስምህ ምላሴ ላይ ነበር እኮ ብላ ሳቀች፤ ቀኑን ሙሉ ግን ዓይን ዓይኑን አላየችውም።

ረቡዕ፣ በየጠዋቱ ስሙን ከነአባቱ እየጠሩ የሚያስገቡት ጥበቃው አያ ዕንባቆም በሩ ላይ አቁመው ማን ልበል አሉት። መታወቂያውን አወጣ። ፎቶው አለ፤ የስሙ ቦታ ግን በምላጭ እንደ ተፋቀ ብራና ነጥቶ ሻክሯል። አያ ዕንባቆም ካርዱን ወደ ፀሐይ አነሡት፣ አገላበጡት፣ መለሱለት፤ ከዚያ እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ።

ሐሙስ እናቱ ሽታዬ ከመካነ ብርሃን ደወለች። የልጆቿን ስም በጸሎት ልታስጠራ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ የሁለቱን እህቶቹን ሰጥታለች።

«ያንተ ዘንድ ስደርስ አፌ ደረቀ፣ ልጄ» አለችው። «የክርስትናውንም የዓለሙንም አጣሁት። ቄሱ አረጀሽ ብለው ሳቁብኝ። ምነው፣ እኔ አይደለሁ ያወጣሁልህ? እስቲ አንተው በለኝ።»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ስሙ ለራሱም አልመጣለትም።

ዓርብ አዳራሹ በእንግዳ ሞላ። ሄለን ይህን ሁሉ ብቻውን የቀመረው ልጃችን ብላ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ፈልጋ አጥታ፣ በእጇ ጠራችው። ወጣ። ኮዱን ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር አበራ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ መስመሩን ፈልጎ፣ እንደ ቁም ጸሐፊ ፊደል በፊደል «ሰውአገኝ ዘመካነ ብርሃን» ብሎ ጻፈ፤ ሥራው የኔ አይደለም፣ የእኚህ ሰው ነው አለና ወረደ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሹመቱ እዚያው ቀረ።

ሄለን ደረጃው ላይ ደረሰችበት፤ ፊቷ ቀልቷል።

«አራት ዓመት ዝም ብለህ፣ ዛሬ በሰው ፊት ታዋርደኛለህ? ምን ነካህ፣ ምንይችል?»

የደረጃውን ብረት ያዘ። ስሜን ድገሚው ሊላት ፈልጎ ተወው።

«ምክንያቱን ንገረኝ እንጂ» አለች።

«ብነግርሽ አታምኚኝም፤ አልናገርም» አለ።