በእረፍት ቀን የሚላጭ ጢም

ፀጉር አስተካካዩ በእረፍት ቀኑ ሆስፒታል እየሄደ የተኙትን ሕመምተኞች ጢም በነፃ መላጨት ከጀመረ ሰንበትበት ብሏል። ለሚስቱ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ።

«ለጽድቅ ብለህ ነው?» አለችው።

«እኔና ጽድቅ! ትናንት ከጎረቤት ጋር ስጨቃጨቅ ሰምተሽኝ የለ?»

«ታዲያ እንዲያመሰግኑህ ነው?»

«ግማሾቹ እኮ ይቆጡኛል። ይልቅ አብረሽኝ ነይና እዪ።»

ሄደች። የመጀመሪያው አልጋ ላይ ጢማቸው የጎፈረ አዛውንት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል።

«ተወኝ ባክህ። ለማን እንዳምር ብለህ ነው?» አሉ።

«ባያምሩም ግድ የለም አባባ፤ እኔ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው» አላቸው።

አዛውንቱ ሳያስቡት ሳቁ። እሷ ለብ ያለ ውሃ በሳህን ያዘችለት፤ እሱ የሳሙናውን አረፋ ቀብቶ ቀስ እያለ ላጫቸው። ሲጨርስ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደባበሱት።

«ልጄ፣ እስቲ ቀና አድርጊኝ፤ በመስኮቱ ውጭውን ልይ» አሏት።

ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ወዲያው አጠገባቸው ከተኛው ሰው ጋር ወሬ ጀመሩ። እሷም ለምን እንደሆነ ሳታውቀው አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባሏ «አሁን ለምን እንደምሄድ ገባሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«እኔ እንጃ» አለች እየሳቀች። «ግን ጥፍራቸው እንዴት እንዳደገ አይተሃል? በሚቀጥለው እኔ እቆርጥላቸዋለሁ።»