ሳጥን ውስጥ የከረመችው ዕቃ

የሰው አማና፣ የሰው አደራ አጥፍቼ ከመገኘት አላህ ይጠብቀኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ሐጅ የሚሄድ ጎረቤት ሁሉ የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ለዘሊካ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለቤቴ ሸህ አሕመድኑር ቁርኣን የሚያቀሩበት ክፍል ከጓሯችን ነው። ከአባታቸው ጋር ሆነው የቆፈሩት ነው፤ ግማሹ ከኮረብታው ድንጋይ ውስጥ የገባ፣ መስኮት የሌለው። የኛ አገር ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ እዚያ ውስጥ ግን ይሞቃል። አሥራ አራት ደረሶች፣ ተማሪዎቻቸው፣ ቁርኣኑን እዚያው ይቀራሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ከአቀስታም ሆነ ከወረኢሉ ልጁን የሚያመጣ አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ ነው። ሸህዬ ታዲያ አስገብተው በሩን ይዘጉና፣ እስቲ ይበርድሃል ወይ ይሉታል።

በሁለት ሺህ አምስት ጥቅምት ላይ ሁዜይፋ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ለጥናት መጣ። ራዶን የሚባል ጋዝ አለ አለን፤ ከአፈርና ከድንጋይ የሚወጣ፣ የማይታይ፣ የማይሸት። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፤ የታፈነ ቤት ውስጥ ግን ይጠራቀማል፤ ለብዙ ዓመት የተነፈሰውን ሰው ለሳንባ ካንሰር ሊያጋልጠው ይችላል። ልኩ በየቤቱ አንድ አይደለም፣ ካልተለካም አይታወቅም አለ። ሸህዬ ፈገግ ብለው ሰሙት። እኔ ግን ዓመቱን ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ዓመት እዚያ ተቀምጠዋላ! ልጆቹስ?

ሁዜይፋ ሲኒ የምታክል የፕላስቲክ ዕቃ አወጣና ክፍሉ ውስጥ ሰቀላት። ሦስት ወር ትቆይና ላብራቶሪ ትታያለች አለ። መኪናው ጥሩንባ እየነፋ ያጣድፈዋል፣ «አደራ እናቴ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ብሎኝ እየሮጠ ወጣ።

በማግስቱ ደረሶቹ ጣታቸውን ሲከቱባት ደረስኩ። እኔ በአማና ቀልድ አላውቅም። አወረድኳት፣ በጨርቅ ጠቀለልኳት፣ ከከፈኔ ጋር ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩባት።

ጥር ላይ ሲመለስ ደረቴን ነፍቼ ሳጥኑን ከፈትኩለት። ዕቃዋን ከጨርቁ ፈታት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ይቺ የለካችው የሳጥኑን አየር ነው፣ የክፍሉን አይደለም፣ አብራርቼ ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ አለኝ። ወይ ጉዴ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እሱ ግን ሌላ ሰቀለና፣ እንደገና ሦስት ወር አለ።

ያ ሦስት ወር ለእኔ ሦስት ዓመት ነው። ማታ ማታ የዚያ ክፍል በር ሲዘጋ እሰማለሁ። በሩን ገርበብ አድርጉት ብዬ ሸህዬን ለመንኳቸው፤ ልጆቹ ይበርዳቸዋል አሉኝ። ተኳረፍን።

ውጤቱ ግንቦት ላይ መጣ። ልኩ መሆን ከሚገባው ሦስት እጥፍ ነው። ሁዜይፋ አትደንግጡ አለ፤ ይሄ ማለት ሰው ታመመ ማለት አይደለም፣ አደጋው በዓመታት የሚመጣ ነው፣ አየር ሲገባበት ደግሞ ይቀንሳል። መስኮት ይከፈት፣ ልጆቹም ሌላ ቦታ ይደሩ፣ ከዚያ ደግመን እንለካለን ብሎን ሄደ።

እኔ አለቀስኩ። በእኔ ጅልነት ልጆቹ ሦስት ወር ሙሉ በከንቱ እዚያ አደሩ አልኩ። ሸህዬ አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንቺ የሰው ዕቃ እንዳይነካ ብለሽ ቆለፍሽ» አሉኝ። «እኔም የሰው ልጅ እንዳይበርደው ብዬ ቆለፍኩ። ያንቺ ሦስት ወር ነው፣ ዘሊካ። የኔ ሠላሳ ዓመት ነው።»

ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ስኖር እንደዚያን ቀን አሳዝነውኝ አያውቁም።

በነጋታው ከአባታቸው ጋር የካቡትን የፊት ግድግዳ በዶማ ራሳቸው ነደሉት፤ ግራና ቀኝ ሁለት መስኮት ወጣለት። ደረሶቹን የኛ ሳሎን አስተኛናቸው፤ እኔና እሳቸው ጓዳ ገባን።

ክረምቱ ሲገባ አንድ አባት ልጁን ይዞ ከአቀስታ መጣ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ስለ ብርዱ ጠየቀ። ሸህዬ ወደ ክፍሉ ይዘውት ገቡ፤ በሩንም መስኮቶቹንም ወለል አድርገው ከፈቱለት። ነፋሱ ጥምጥማቸውን ያርገበግበዋል።

«ይበርደዋል» አሉት። «ጋቢ ጨምርለት።»