ሶልያና ከቤት ውጭ ስታድር

እኔ ባደግሁበት ቤት ልጅ ከቤት ውጭ የሚያድረው ወይ ለቅሶ ሲኖር ወይ ሰርግ ሲኖር ነው። ከዚያ ውጭ ያደረ ልጅ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ባትሪ ይበራል፣ ይፈለጋል። ስለዚህ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሶልያና ሳን ሆዜ ካለው ትምህርት ቤቷ ወረቀት ይዛ መጥታ «ማሚ፣ ሰመር ካምፕ። ዋን ዊክ። ፍሪ ነው» ስትለኝ፣ ወረቀቱን ሳላነብ ፍሪጁ ላይ ወረወርኩት።

ያነበበው ባለቤቴ አምሐ ነው። አምሐ የሳንታ ክላራ ኩባንያ ሠራተኞችን በአውቶቡስ ያመላልሳል። ለነገር የማይቸኩል ሰው ነው።

«እኔ የማመላልሳቸው ኢንጂነሮች ሁሉ ልጅ ሆነው ካምፕ ሄደናል ይላሉ» አለኝ።

«እኔ ሳልሄድ አድጌያለሁ።»

«አይቻለሁ» አለና ፈረመ።

ካምፑ ወደ ሳንታ ክሩዝ በሚወስደው ተራራ ላይ ነው፤ ከቤታችን አንድ ሰዓት አይሞላም። ስልክ ይሰበስባሉ። ወላጅ አይመጣም። ልጅ እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። ሻንጣዋን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ለሰባት ቀን አሥራ አራት ጥንድ ካልሲ፣ ሦስት ብርድ ልብስ፣ ካልሲዎቹ ውስጥ ደግሞ ዳቦ ቆሎ። ምግብ መኝታ ክፍል አይገባም የሚለውን ሕግ አንብቤዋለሁ። ዳቦ ቆሎን የሚመለከት አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን፣ ገና ከማለዳው፣ ስልኬ ጮኸ። የካምፑ ሴትዮ ናት፤ ድምፅዋ ደግ ነው። «በመጀመሪያ፣ ሶልያና ደህና ናት» አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። እስኪነገር ድረስ ደግሞ ሁሉም ሰው «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ይላል። አባቴ አዲስ አበባ ሲሞት አጎቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልክ «ተሽሎታል፣ ሾርባም ጠጣ» ብሎኛል፤ ሾርባውን ጠጣ ባለኝ ቀን አባቴ ከተቀበረ አሥር ቀኑ ነበር። እና ሴትዮዋ ቀጥላ «ባለቤትሽ አጠገብሽ አለ?» ስትለኝ፣ ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

አምሐም ያ ሁሉ እርጋታው የት እንደገባ እንጃ፣ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ወደሆኑት ወደ ጋሽ ሀብተሥላሴ ደወለ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ኦክላንድ ምግብ ቤት ላላት ጓደኛዬ ለፋንታዬ ደወሉ። ፋንታዬ ቤቷን ዘግታ ሁለት ሴቶች ይዛ መጣች። ወደ ካምፑ መልሶ የደወለ አንድም ሰው የለም፤ መርዶ በስልክ አይጠየቅማ። በሁለት መኪና፣ ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ተራራውን ወጣን።

ልጆቹ ፓንኬክ እየበሉ ነበር። ሶልያና ከመካከላቸው ብድግ አለች። የፊት ጥርሷ ግማሹ የለም። በዋዜማው ማታ ከመወጣጫ ገመድ ላይ ወድቃ ጥርሷ ተሰብሮ ኖሯል፤ ሴትዮዋ የደወለችው ወደ ጥርስ ሐኪም ለመውሰድ የፈራሚውን የአምሐን ፈቃድ ልትጠይቅ ነው።

ልጄ እኔን አየች፣ ነጠላውን አየች፣ ጋሽ ሀብተሥላሴን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ማን ሞተ?» አለችኝ፤ በጠራ አማርኛ። እስከዚያ ቀን አማርኛ ይገባታል እንጂ አትናገርም ነበር የምንለው።

ማንም አልሞተም። እኔ ግን እልህ ይዞኝ፣ አፍሬም ጭምር፣ እያለቀሰች ይዣት ወረድኩ። መኪናው ውስጥ አፏን በእጇ ሸፍና «ደህና ናት ብለውሽ ነበር እኮ። ዘይ ቶልድ ዩ» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም። ጥርሱ ተሠራ፤ እኔን ግን አሁንም ሲያስቀኝም ሲያሳፍረኝም ይኖራል።

በሁለተኛው ዓመት ራሷ ወረቀት ጻፈች። «ማሚ አትመጣም» ይላል፣ በእንግሊዝኛ፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለው። ፈረምኩ። ዳቦ ቆሎም እንዳልከት አስማለችኝ፤ ለካ ያኔ ጉንዳን ክፍሉን ወርሮት ኖሯል።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። አምሐ እየተረጎመ አነበበልኝ። «ዛሬ አዘንኩ። ከእራት በኋላ አለቀስኩ። ከዚያ ቆመ። ነገ እንዋኛለን።» በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰው እንዲህ ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል? እኛ ስንጽፍ «ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምንለው፤ ብንሞት እንኳ። ለፋንታዬ ደውዬ ነገርኳት። «ኧረ ልጅቷን አውጫት» አለችኝ። የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ።

«ቆመ ብላለች እኮ፣ ገኒ» አለኝ አምሐ። «ያለቀሰችውን ካመንሽ የቆመውንም እመኚ።»

ቁልፉን አስቀመጥኩት። ያን ቀን ቤቱን ሁለቴ አጠብኩ። ቅዳሜ ልጄ ስትመጣ ቆሻሻ ልብሷን ለይታ ማሽን ውስጥ ከተተች፤ ማን አስተማረሽ ስላት «ማንም። ተጽፎበታል እኮ፤ ማንበብ ነው» አለች። እኔ ያንን ማሽን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በሦስተኛው ዓመት የካምፑ ጊዜ ከፍልሰታ ጋር ገጠመ። ፍልሰታን የማያውቅ ካለ፣ የነሐሴ ጾም ነው፤ ሕፃን ሁሉ የሚጾመው፣ ልጅ ሆነን የምንፎካከርበት። ለንስሐ አባታችን ደውዬ «አባቴ፣ ልጅቷ ፈረንጅ መካከል ናት፤ ይፍቱልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም ፈቱልኝ። ለእሷ ምንም አልነገርኳትም፤ እንደ ፈለገች ትብላ ብዬ ተውኩት።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ማሚ፣ ለወጥ ቤቱ ሰውዬ ፍልሰታ ምን እንደሆነ ነገርኩት። ባቄላና ሩዝ ያስቀምጥልኛል። አራት ቀን እስከ ሦስት ፒኤም ጾምኩ። በአምስተኛው ቀን ረጅም መንገድ ሄድን፤ አዞረኝ፤ ስለዚህ በጠዋት ኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ በላሁ። አይ ዋንት ዩ ቱ ኖው።»

እኔ በእሷ ዕድሜ በፍልሰታ ጓዳ ገብቼ ወተት ጠጥቼ፣ አፌን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ቤተክርስቲያን ሄጄ ከሁሉ በላይ የምሰግድ ልጅ ነበርኩ። ማንም ሳያያት የጾመች፣ ማንም ሳይጠይቃት ደግሞ የተናገረች ልጅ ከየት እንደመጣች ግራ ገባኝ። ደብዳቤውን ይዤ ጋሽ ሀብተሥላሴ ጋ ሄድኩ። ሁለቴ አስነብበውኝ «ይቺ ልጅ እኛን ታናዝዘን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዓመቶቹ ሄዱ። አንድ ሳምንቱ ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሆነ። ጸጉሯን ራሷ መሥራት ጀመረች፤ መጀመሪያ ጠማማ፣ ኋላ ከእኔ የተሻለ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሻንጣዋን ለማዘጋጀት ስገባ ተዘጋጅቶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ስድስት ካልሲ ብቻ። ቆጥሬ መልሼ ዘጋሁት። አልዋሽም፣ ያን ቀን ከፋኝ። ልጅ ሲያድግ ደስ የሚለው ለሌላ ሰው ልጅ ነው።

ዘንድሮ አሥራ አምስት ሞላት። ካምፑ የጠባቂ ረዳት አደረጋት፤ ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናቸው ስምንት ሴት ልጆች ሰጧት፣ ለአምስት ሳምንት። ሐምሌ ውስጥ ሄደች። በሄደች በስድስተኛው ቀን እኔ ጡት ላይ ተገኝቶ ለምርመራ የተላከው እብጠት ስም ወጣለት። ካንሰር።

እኔ ሳኒቬል ያለ ናርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፤ በሽታ አያስደነግጠኝም ብዬ አስብ ነበር። የሰው በሽታ ነው ለካ የማያስደነግጠው። ኦፕራሲዮኑ ለሐሙስ ተቀጠረ። ከአምሐ ጋር ተቀምጠን የተስማማነው በአንድ ደቂቃ ነው፤ ለልጅቷ አይነገራትም። ሥራ ላይ ናት፣ ትረበሻለች፣ ስትመለስ እኔም ድኜ እጠብቃታለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ የደበቅነው ከሐኪም አይደለም ብለን ተጽናናን።

ረዳቶቹ እሑድ እሑድ ስልክ ይፈቀድላቸዋል። እሑድ ከሰዓት ደወለች።

«ማሚ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ? ትበያለሽ?»

«እበላለሁ። ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ጉንፋን።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሶሊ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን ከሁለት ቋንቋ እየለቀመች። «እኔ ኬቢን ውስጥ ሰቨን ይር ኦልድ የሆነች ልጅ አለች። ኤቭሪ ሞርኒንግ ‹አይ አም ፋይን› ትላለች። እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ምንም አልልም። ከዚያ ሌላውን ነገር ትነግረኛለች።» ወንበር ስትስብ ተሰማኝ። «አሁን ተቀምጫለሁ፣ ማሚ።»

አምሐ ከሶፋው ላይ ሆኖ በእጁ አይሆንም አለኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩና ነገርኳት። እብጠቱን፣ ስሙን፣ ሐሙስን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ «ልምጣ ወይስ ልቆይ?» አለችኝ።

«ኧረ ምን ልታደርጊ! ሥራሽን ያዢ። አባትሽ አለ፣ ፋንታዬ አለች፣ እኔ ምን እሆናለሁ—»

«ማሚ። አይ ዲድንት አስክ ዛት። አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው? መቆየት እችላለሁ፣ መምጣትም እችላለሁ። ንገሪኝ።»

አርባ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ለሰው ውሃ አቅርቤ እኔ ሲጠማኝ «አይ፣ አልጠማኝም» የምል ሴት ነኝ፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ምን እንደምፈልግ በቀጥታ የጠየቀኝ ሰው ስለመኖሩም አላስታውስም። መልሱ ግን እዚያው ከንፈሬ ላይ ነበር።

«ነይ» አልኳት።

ማን እንደሚያመጣት መጨነቅ ስጀምር አስቆመችኝ። ረቡዕ ከሰዓት፣ ስምንቱን ልጆች ለሌላ ረዳት አስረክባ፣ የትኛዋ ማታ መብራት እንደምትፈልግና የትኛዋ ወተት እንደማይስማማት በወረቀት ጽፋ ትታ፣ በሕዝብ አውቶቡስ ዲሪዶን ጣቢያ ወረደች፤ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ቤት ገባች። በሩን ስከፍት ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ቆማለች፤ በፀሐይ ጠቁራ፣ ከእኔ በአንድ ጣት ረዝማ። መቼ እንደረዘመች እንጃ።

ሐሙስ ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የሦስት ሰው ፈገግታ ነው። አምሐ፣ ፋንታዬና ጋሽ ሀብተሥላሴ አልጋዬን ከበው አንድ ላይ «ደህና ነሽ! ምንም የለም! ተመስገን!» አሉኝ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ግንባሬን በመዳፋቸው ዳበሱልኝ። ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ይህን ፈገግታ ግን አውቀዋለሁ፣ ለሌላ ሰው እኔም ስንት ጊዜ ፈግጌዋለሁ።

«አንዴ ውጡልኝ» አልኩ። «ሶልያና ትቆይ።»

ተያዩ። ጋሽ ሀብተሥላሴ «ልጅ ናት እኮ፣ ዕፀገነት» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሽዬ። እሷ ትቆይልኝ።»

ወጡ። ሶልያና መስኮቱ ጋ ነበረች። ወንበሩን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ሐኪሟ ስትናገር ጽፋው ኖሯል።

«ንገሪኝ» አልኳት።

«አውጥተውታል፤ ሁሉንም ነው የሚመስላት ዶክተሯ። ከብብትሽ ሥር ሁለት ሊምፍ ኖድ፣ ትንንሽ ዕጢ፣ ወስደዋል። አሁን ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ግን ላቦራቶሪ ደግሞ ያየዋል። ሬዲዬሽን ይኖራል። ኬሞ ሜይቢ፤ ሜይቢ ኖት።» ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ አልደበቀችውም። «እኔም ፈርቻለሁ።»

«እና ደህና ነኝ?»

«እስከ ማክሰኞ አናውቅም፣ ማሚ።»

በሽታው ከታወቀ ወዲህ ስንት ሰው ስንት መልካም ነገር ነግሮኛል፤ አንዱንም ይዤ አልተኛሁበትም። ይህንን ግን አመንኩት። እጇን ሰጠችኝ፤ ያዝኩት፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።