ጎማው የተጠገነ ሻንጣ

ሊበር ነው... ወይስ አሁን ማረፉ ነው?

በመብራት ምሰሶው ላይ ቆሟል አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ የሐይቅ ወፍ፤ ክንፎቹ ግማሽ ተከፍተው፣ አንገቱ ወደ ሐይቁ ዞሮ። ከታች ቆማ ታየዋለች ትርሲት። ከታች ሆኖ ማን ያውቃል?

ቅዳሜ ነበር፤ ሐዋሳ ገና ፊቷን ስትታጠብ። ቀኑም ሙሉ፣ ቀኑም ሰፊ፣ ቀኑም የሁለቱ ነበር።

ቡዳፔስት ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልፏታል። እዚያ ያስተማሯት የድሮ መምህሯ ግን አልረሷትም፤ “ቦታሽ ክፍት ነው፤ እስከ ቅዳሜ ማታ አሳውቂኝ” የሚል መልእክት በስልኳ ልከውላታል። ባሏ መክብብ ያውቃል። ብትሄድ እንደማይከተላትም ሁለቱም ያውቃሉ፤ የእንጨት ሥራ ቤቱን የከፈተው ገና ዘንድሮ ነው።

“ዛሬ ስለሱ አናወራም፤ ዛሬ እንዞራለን!” አላት ጠዋት፣ የጫማውን ክር እያሰረ።

ወጡ። መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ጋ። እዚያ ጠበቃት የራሷ ሻንጣ፤ ወደ አገር ስትገባ ጎማው የተሰበረው፣ አልጋ ሥር የተረሳው።

“ማን አስጠግን አለህ?”

“ጎማ የሌለው ሻንጣ ያናድደኛል” አለ መክብብ።

ሂጂ ማለቱ ነው? ወይስ...

ገር... ገር... ገር... አለ ሻንጣው በኮብልስቶኑ ላይ።

“እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ! አልጋ ላሳያችሁ?” አለ የባጃጁ ሹፌር፣ አንገቱን አውጥቶ።

“መልካም መንገድ የኔ ቆንጆ! እዛ ሄደሽ እንዳትረሽን” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የሰፋችላቸውን መጋረጃ እያጣጠፈች።

መጣች... ወይስ ልትሄድ ነው?

ሳቁ ሁለቱም። መጋረጃውን ከተቱ ወደ ሻንጣው፤ ማንጎውን ከተቱ፣ አቮካዶውን ከተቱ፣ ለመክብብ ብሎን፣ ለትርሲት የስዕል እርሳስ። ባጃጅ ተሳፈሩ፤ ነፋሱ ፀጉሯን በተነው፤ ሐይቁ በዛፎቹ መሃል ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ ብልጭ አለ። ጮኸች ትርሲት፣ እንደ ልጅ። ቀኑም ሙሉ፣ ቀኑም ሰፊ፣ ቀኑም የሁለቱ ነበር።

ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር፣ ዳማ ተዘርግቷል። ጡረተኛው ጋሽ ዘለቀ ቆርኪዎቹን ደርድረው መክብብን ይጠብቃሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሸነፉለታል። ትርሲት ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ወፎች መሳል ጀመረች።

“አንተ፣ ልትቀበላት ነው ልትሸኛት?” አሉ ጋሽ ዘለቀ ሻንጣውን አይተው። “ቁርጡን ንገረኝ! ሐሳብህ ሌላ ቦታ እያለ ብበላህ ምኑ ይጥመኛል?”

ሳቀ መክብብ። ሳቀና ተበላ። አንድ ቆርኪ ተበላ፣ ሌላም ተበላ... ጣቱን ሰሌዳው ላይ ረስቶ ሐይቁን ያያል።

ቆመ የትርሲት እርሳስ። ሂጂ አላላትም ለካ። ፈርቷል ለካ... ፈርቶም ጎማውን አስጠግኖላታል።

ገር... ገር... ገር... ወደ አሞራ ገደል፣ ወደ ዓሳው ገበያ።

ጥብሱ መጣ፣ ትኩሱ፣ ጀርባው የተተለተለው፣ ዳጣው ከንፈር የሚያቃጥለው። በሉ፤ እጃቸው እየተጋጨ፣ እንባቸው ከዳጣው እየመጣ። ደግመው አዘዙ።

ዓሳ ሻጯ እትዬ አስካለ ግን ዓይናቸው ሻንጣው ላይ ነው። ከሐዋሳ የሚሄድ ሰው ዓሳ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ይሄን ማን ያጣዋል? እነሱ ሲበሉ፣ እሳቸው ደህና ደህናውን የቆሮሶ ዓሳ አጥበው፣ በፌስታል ቋጥረው፣ ሻንጣውን ከፍተው፣ ከመጋረጃው ላይ አስተኙት።

“እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?” አለች ትርሲት።

“ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ? ዘመድ ምን ይለናል!”

ፌስታሉ ያፈሳል። መጋረጃው ርሷል፣ ማንጎው ርሷል፣ ሻንጣው ዓሳ ዓሳ ሸቷል።

“ይሄን የትኛው አውሮፕላን ያሳፍረዋል?” አለ መክብብ፣ ሳቅ እያነቀው።

“ኧረ አይሱዙም አይጭነው!” አለች ትርሲት።

ሳቁ፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። እትዬ አስካለም ሳቁ፣ ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቁ። ከዚያ ሳቁ በረደና፣ መክብብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

“ግድ የለም፤ ዛሬውኑ በኦሞ አጥበዋለሁ። ሽታው ይለቃል።”

አየችው። ከንፈሩ ይስቃል፤ እጁ ግን የሻንጣውን እጀታ ጨብጦ አልለቀቀም።

“አትጠበው” አለች ትርሲት።

“እ?”

“አትጠበው አልኩህ።”

ዓይኑ ቀላ። “ዳጣው ነው” አለ።

ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስትንጋለል፣ ዳጣ በነካው ጣቷ ለመምህሯ ጻፈች፤ “አልመጣም። ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።” ላከችው፤ ትክክል ይሁን ስህተት ሳታውቅ፣ ግን እየሳቀች።

መልስ አልመጣም። በማግስቱ አልመጣም፣ በሳምንቱ አልመጣም፤ ክረምቱ ገብቶ ሲወጣም አልመጣም። አንዳንዴ ስልኳን ከፍታ ታያለች... ደርሷቸው ይሆን?

አባ ኮዳው ዛሬም ምሰሶው ላይ ነው፤ ክንፎቹ ግማሽ ተከፍተው። ሊበር ይሁን፣ ማረፉ ይሁን... ትርሲት ቀና ትላለች፤ ዓሳ ዓሳ የሚሸተውን ሻንጣዋን ለገበያ እየጎተተች።

“ና ውረድ” ትለዋለች። “ምሳ አለ።”

ገር... ገር... ገር...